ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ቃል

የአበባው ጉንጉን የመጣው አቶ አንጁሎ ኤርካሎ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ምሳውን በልቶ ሐዘኑ ቀለል ባለው ሰዓት ነበር። አንድ ባጃጅ በር ላይ አውርዶት ሄደ። ይዞት የመጣ ሰው እንኳ አልነበረም።

የሟች ልጅ ሰገነት ከድንኳኑ ጥግ ሆና አየችው። የፕላስቲክ አበባ ነው፤ ነጭና ወይን ጠጅ፣ ሱቅ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የከረመ። "ስንት መቃብር ዞሮ ይሆን እኛ ጋ የደረሰው?" አለች በልቧ። በሶዶ ስጦታ እንደሚዞር ታውቃለች። ቤሌ ከተማ ሠርግ ላይ የተበረከተ የብርጭቆ ስብስብ ካርቶኑ ሳይከፈት ሻንቶ ከተማ ሌላ ሙሽራ ይዳርበታል፤ ከሻንቶ ለምረቃ ሶዶ ይመጣል፤ ዕድሜ ከሰጠው አንድ ቀን መጀመሪያ ለገዛው ሰው ይደርሰዋል። ሐዘኑም እንደዚያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲዞር ሰምታለች። "ጌታ ያጽናናችሁ" ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስልካቸውን ያወጣሉ። አንዱ ትልቅ ሰው "ጌታ ያጽናና…" ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ጠራና "ሲሚንቶው ገባ?" ሲል ጮኸ። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ደግሞ በቴሌግራም አጽናንተዋታል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ተሳስቶ "ጌታ ያጽናናህ" ብሏት ነበር። ሌሎቹ ሃያ ምናምን ሰዎች ገልብጠው ለጠፉት። ሃያ ምናምን ጊዜ ወንድ ሆና ተጽናናች።

ስድስት ዓመት በኖርዌይ ስትማር፣ እዚያ ሰው ሲሞት ካርድ ልከው በራቸውን እንደሚዘጉ አይታ ያንንም ንቃ ነበር። ሰገነት የማትንቀው ነገር ለማግኘት ገና አልታደለችም። በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ ይህን አይተው ተንሾካሽከዋል፦ "ፈረንጅ አገር እንባዋን ቀማት።"

ታላቅ ወንድሟ ይስሐቅ ጉንጉኑን ሊያነሣ ጎንበስ አለና እንዳጎነበሰ ቀረ። በነጩ ሪባን ላይ በወርቃማ ፊደል የተጻፈውን እያነበበ ነበር።

*ለአቶ አንጁሎ። ነፍስ ይማር። ኃይለመስቀል።*

ማንበብ የሚችለው አነበበ፣ የማይችለው ጎረቤቱን ጠየቀ።

"አየሽ?" አለ ይስሐቅ፣ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እየታገለ። የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሯል። "አየሽ ያንቺን ምሁር? አባባ ምን አጥፍቶ ነው የሚማርለት? አርባ ዓመት ወንጌል ያገለገለ ሽማግሌ! ይህ ሰው አርፏል፣ ገብቷል። ይኼ ልጅ ግን በር ላይ አቁሞ ይለምንለታል!"

"ኢሻ፣ ሰው እየሰማ ነው" አለችው። ወንድሟን በወላይትኛ "ኢሻ" ስትለው ብዙውን ጊዜ ይበርድ ነበር። ዛሬ አልበረደም።

"ይስማ! ራስሽ ወስደሽ መልሺለት። ከእንግዲህ ወዲያ ሽማግሌ ምናምን ብሎ ወደዚህ ቤት እንዳይልክ ንገሪው። አንቺ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ። እኔ ከነገርኩት ደግሞ በአፍ ብቻ አይሆንም።"

ሰገነት ወንድሟን ናቀችው። በአንዲት ቃል ምክንያት የሰማይ በር የተዘጋ ይመስል ይንቀጠቀጣል። ግን ከወንድሟ ይልቅ የናቀችው ያን ስም ነበር፤ በሪባኑ ጫፍ ላይ ያለ ማዕረግ፣ ያለ አባት ስም፣ ብቻውን የተቀመጠውን። ስታነበው ጉንጯ ጋለ። ንቀት እንደዚህ እንደሚያቃጥል አታውቅም ነበር።

* * *

ኃይለመስቀልን ያወቀችው በንቀት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከኖርዌይ በተመለሰች በወሩ፣ የሥራ ባልደረባዋ የደገፉ ሚስት ወልዳ ሊጠይቁ ሄዱ። ሴቶቹ ቅቤያቸውን ይዘው አልጋው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ አንድ ቀጭን፣ ረጅም ሰው የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ ገባ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነው። ሰዓቱን አራስዋ እግር ሥር አስቀምጦ፣ ከወገቡ እጥፍ ብሎ፣ ከልቡ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አላት።

በዚያ የፕሮቴስታንት ቤት አየሩ ቀጥ አለ። ሰዓቱ ብቻ ይቆጥራል። የደገፉ እናት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሰገነት ሳቋን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። ተከትሏት ወጣ።

"ምን አጠፋሁ?"

"በዚህ ቤት እንዲህ አይባልም። 'እንኳን ጌታ ረዳሽ' ነው የሚባለው። ደግሞ ለአራስ ሰዓት ምን ያደርግላታል? ምጧን ልትቆጥርበት ነው?"

"እናቴ ለወለደች ሁሉ እንደዚህ ስትል ነው የሰማሁት" አለ። አላፈረም፤ አዘነ እንጂ። "ሌላ ቃል አላውቅም።"

ይህ "ሌላ ቃል አላውቅም" የሚለው ነገር ሰገነትን ዐሥር ቀን እንቅልፍ ነሳት። በዐሥራ አንደኛው ቀን ደብዳቤ ደረሳት፤ በወረቀት፣ በእጅ ጽሑፍ። በዚህ ዘመን ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው! ናቀችው፤ ሦስት ጊዜም አነበበችው።

*"ጥያቄ አንድ፦ የአንዱ ተማሪዬ አያት ሞተዋል። ምን ልበል? ምን ልያዝ? ጥያቄ ሁለት፦ ይህን ለመጠየቅ ደብዳቤ መጻፍ አስፈላጊ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ጻፍኩ?"*

ለጥያቄ አንድ በዝርዝር መለሰች። ለጥያቄ ሁለት መልስ የሰጠችው ከአራት ወር በኋላ ነው፣ በቃልም አልነበረም። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ደብተር ሞላችለት፤ ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለምረቃ፣ ለሞት፣ በየትኛው ቤት ምን እንደሚባልና ምን እንደሚያዝ። ግማሹ ፌዝ ነው። *"አዲስ ቤት ለገነባ፦ የብርጭቆ ስብስብ አትውሰድ፤ አገር የሚያውቀው ብርጭቆ ነው።"* ስለ ለቅሶ የጻፈችበት ገጽ ግን ፌዝ የለበትም። *"እኛ ጋ 'ጌታ ያጽናናችሁ' በል። 'ነፍስ ይማር' አትበል። በጭራሽ!"* "በጭራሽ" የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምራለች።

እንግዲህ አላወቀም ማለት አይቻልም። በደብተሩ ቃል በቃል፣ በእጇ ጽሑፍ ያውቀዋል። አውቆ ነው የጻፈው።

በዚህ ሳምንት እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ሞት ቀደመው። አባቷ ያረፉ ዕለት ደውሎላት "ልምጣ?" ሲላት "አትምጣ፤ ሽማግሌህ ሳይደርስ አንተ ድንኳን ውስጥ ምን ተብለህ ትቀመጣለህ?" አለችው። አትምጣ ያለችው ራሷ ናት፤ አለመምጣቱንም ይዛበታለች። ፍቅር እንዲህ ያለ ሚዛን ነው፤ ሰገነት ሚዛኑንም ናቀችው፣ ከላዩ ግን አልወረደችም።

* * *

"ሰጊ፣ ይኼን ይዘሽ በእኔ ባጃጅ?" አለ ቤኒ። አንደኛ ደረጃ አብሯት የተማረ፣ አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው። "ሰው 'ቤኒ ሞተ' ይላል እኮ! ሚስቴ ካየችው ሳልቀበር ታገባለች።"

"ንዳ ዝም ብለህ።"

"እሺ፣ እሺ። ግን ጉንጉን ሲመጣ እንጂ ሲመለስ አላየሁም። ሰውየው ተነሡ እንዴ?" ካለ በኋላ በመስተዋቱ ፊቷን አየና ደነገጠ። "ይቅርታ፣ እህቴ። ጌታ ያጽናናሽ። አፌ ነው።"

በሦስት ቀን ውስጥ የሰማችው የመጀመሪያው እውነተኛ ማጽናኛ ይኼ ሳይሆን አይቀርም፤ እሷ ግን ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። የምትናገረውን እያዘጋጀች ነበር።

ኃይለመስቀል በሩን ሲከፍት ጥቁር ልብስ ለብሷል። ጢሙን ከተላጨ ቀናት አልፈዋል። መጀመሪያ ያየው እሷን ነው፤ ዓይኑ በራ። ቀጥሎ ጉንጉኑን አየ፤ ዓይኑ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

"ግቢ" አላት።

"አልገባም። ዕቃህን ላደርስ ነው የመጣሁት።" ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። "ቤታችን ውስጥ ቦታ ጠፋለት።"

ጉንጉኑን ዞር ዞር አድርጎ አየው። "ሪባኑስ?"

"ሪባኑ?" እሷም አሁን ነው ያስተዋለችው፤ የለም። "ይስሐቅ ቀዶ ጥሎት ይሆናል። ምን ታደርግበታለህ? ለሌላ ሬሳ ልትቀጥልበት ነው?"

ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ስድቡ አልነበረም የነካው፤ የሪባኑ መቀደድ ነበር። ይህን አየችና ይበልጥ ተናደደች። ለጨርቁ ያዝናል!

"እናትሽ አነበቡት?" አላት ቀስ ብሎ።

"እናቴ አማርኛ አታነብም። ምነው፣ እሷንም ልታሳዝናት ፈልገህ ነበር?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ፈልገህ ነበር? ሁለት ጊዜ አስምሬልሃለሁ እኮ! አንተ እንደሌሎቹ ባለማወቅ አልሳትክም። ያ ያማል፣ ገባህ? ባለማወቅ ቢሆን እስቅበት ነበር፤ እንደ ሰዓትህ። አውቀህ ነው። እናንተ ከተፈጠራችሁ ጀምሮ ሰማዩን ተረክባችሁ፣ እኛ ደግሞ ትናንት የመጣን ነን፤ አባቴ ያለ እናንተ ምሕረት አይገባም! ይኼን ነው በወርቅ ቀለም ያስጻፍከው።"

"አልተሳሳትኩም፣ ሰገነት።"

ይኼው ነው ያለው። "አልተሳሳትኩም"፤ በጸጥታ፣ ቀጥ ብሎ፣ የሒሳብ መልስ የሚናገር ይመስል።

"አስረዳኝ እሺ። አንድ ምክንያት ስጠኝ።"

"አልችልም። የእኔ ቢሆን እነግርሽ ነበር።"

"የማን ነው ታዲያ?"

ጎንበስ ብሎ የጉንጉኑን አንድ የታጠፈ ቅጠል አቀና።

"በቃ!" አለች። "ሽማግሌ እንዳትልክ። እሑድም፣ ከአርባ ቀን በኋላም፣ መቼም።"

ይለምነኛል ብላ ጠብቃለች። የምትንቀው ልመና እንዲኖራት ትፈልጋለች። እሱ ግን "እሺ" አላት።

ይህን "እሺ" ይዛ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ሰገነት አሸንፋ ነበር፤ የተመለሰችው ግን እንደ ተሸነፈ ሰው ነው።

* * *

እናቷ ከሴቶቹ ተለይተው ጓዳ ውስጥ፣ አባቷ ይተኙበት የነበረው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ስትገባ "በሩን ዝጊው" አሏት በወላይትኛ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ። በገጾቹ መካከል ነጩ ሪባን በሥርዓት ታጥፎ ተኝቷል።

"አዬ! አንቺ ነሽ የወሰድሽው?" አለች ሰገነት፤ እናቷን የምትጠራው በወላይትኛ "አዬ" እያለች ነው።

"ወንድምሽን አንብብልኝ ብለው 'ላንቺ አይሆንም' አለኝ። ለእኔ ቤት የመጣ ነገር ለእኔ አይሆንም!" አሉ እናቷ። "አንቺ አንብቢልኝ።"

"ተይው፣ አዬ። ቃል ነው። የማይረባ ቃል።"

"አንብቢልኝ አልኩሽ።"

ሰገነት ሪባኑን ሳትነካው፣ ከሩቅ፣ እንደ መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። "ለአቶ አንጁሎ። ነፍስ ይማር። ኃይለመስቀል።"

የእናቷ ጣቶች መጽሐፉ ላይ ቆሙ።

"ድገሚው። መሐሉን።"

"ነፍስ ይማር።"

"ይማር…" አሉ እናቷ በማያውቁት ቋንቋ ቃሉን እያላመጡ። "ይማር። ማራ? ያው ማራ ነው?"

ሰገነት ሁለት ቋንቋ ስትናገር ኖራ፣ በሦስተኛ ቋንቋ ዲግሪ ይዛ፣ አንድም ቀን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጣቸው አታውቅም። በወላይትኛ "ማራ" ማለት "ማር፣ ምሕረት አድርግ" ማለት ነው። ያው ቃል ነው።

"ያው ነው፣ አዬ" አለች።

እናቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲናገሩ ድምፃቸው ለሴቶቹ እንዳይሰማ ዝቅ ያለ ነበር።

"አባትሽ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አይተኛም ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ 'ጎዳዉ፣ ታና ማራ' ይላል። ጌታ ሆይ፣ ማረኝ። እንደገና፣ እንደገና። ይስሐቅ ሲገባ ዝም ይላል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው 'አንተማ ደርሰሃል፣ አንተማ ገብተሃል' ብለው ሲዘምሩለት አንገቱን ይነቀንቃል። እነሱ ሲወጡ ፊቱ ወደ ግድግዳው። አርባ ዓመት ሙሉ ለሚሞት ሰው 'ደርሰሃል' ሲል የኖረው እሱ ነው እኮ! አሁን 'እኔ ፈራሁ' ብሎ ለማን ይናገር?"

ሰገነት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አንድ ቀን ያ ረጅሙ ልጅ መጣ። ብቻውን፣ ሙዝ ይዞ። 'ሳልጠይቅዎት ሽማግሌ ልልክ አልፈለግሁም' አለው መሰለኝ፤ አባትሽ ነው የነገረኝ። ከዚያ በአማርኛ ብዙ አወሩ። እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ አባትሽ የልጁን እጅ በሁለት እጁ ይዞ 'ማር፣ ማር' ሲል ሰማሁ። በድሎት ይሆን፣ ምን አርጎት ይቅርታ ይጠይቀዋል አልኩ። ልጁ አለቀሰ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።"

እሺ። ለእሷም በሩ ላይ ያላት ይህንኑ ነበር።

"ሲሄድ አባትሽ ምን አለኝ መሰለሽ? 'ልጆቼ የማያደርጉልኝን ይህ ልጅ ያደርግልኛል። ለልጆቹ ግን አንነግርም።' እኔ ሞኟ የጣራውን ቆርቆሮ የሚቀይርልን መስሎኝ!" እናቷ በሐዘናቸው መሐል ትንሽ ሳቁ፣ ሳቁም ወዲያው ተሰበረ። "ለካ ይኼን ነው። የእኛ ሰው የማይልለትን እንዲልለት ነው የለመነው። ልጁም በወርቅ አስጽፎ በሰው ሁሉ ፊት አለለት።"

ከውጭ የይስሐቅ ድምፅ ይሰማል፤ ለአንድ ለቀስተኛ "ገብቷል፣ አርፏል" እያለ ነው። ሰገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን አልናቀችውም። የምትንቀው ሰው ቅርብ ነበር፤ ራሷ ናት፤ እናቷ ትከሻ ላይ ራሷን ልታስደግፍ የምትፈልግ፣ ሁለት ጊዜ ማስመር የምታውቅ፣ ደብተር ሙሉ ቃል የጻፈችና የአንዱንም ትርጉም ያልጠየቀች። አባቷ የፈሩትን ፍርሃት ለእሷ ያልነገሯት ለምን ይሆን? በምላሷ ስለሚያውቋት ነው። ፍርሃታቸውን እንኳ ትንቅብኛለች ብለው።

"አዬ፣ እኔ… ልጁን ሰደብኩት። ሽማግሌ እንዳትልክ አልኩት። እሱ አልተናገረም። አንዲት ቃል ቢናገር ይተርፍ ነበር፤ አልተናገረም።"

"ታዲያ ቃሉን ጠበቀ።" እናቷ ሪባኑን አንሥተው እጇ ላይ አስቀመጡት። "ነገ ይምጣ በይው። ከይስሐቅ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እኔ ራሴ አስቀምጠዋለሁ። ይስሐቅ ከተቆጣ ለእሱም ይህን ቃል አነብለታለሁ። አሁን ማንበብ ችያለሁ።"

ሰገነት ከኋላ ወጥታ እንሰቱ መሐል ቆማ ደወለችለት። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። የኃይለመስቀል ትንፋሹ ብቻ ይሰማታል።

ለሚወለደው፣ ለሚያገባው፣ ለሚሞተው የሚባለውን ለሰው ስትጽፍ የኖረች ሴት የምትለውን አጣች። "ይቅርታ" ለመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ ለዚህ አነሰ። "አላወቅሁም ነበር" ሰበብ ነው። "አባቴ…" ብላ ጀመረች፣ ቃሉ ከመሐሉ ተቆረጠ። በእጇ ያለውን ሪባን ጨበጠችው። አንድ ቃል ብቻ ቀርቷታል፤ አባቷ በሁለት ቋንቋ የለመኑት።

"ማረኝ" አለችው።

ከስልኩ የመጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ሳግ አልለየላትም።

"በእናንተ ቤት እንዲህ ይባላል?" አላት።

ያን ጊዜ ነው፣ በሦስተኛው ቀን፣ እየሳቀች ሳለ፣ ሰገነት አንጁሎ ለአባቷ ያለቀሰችው።